አድዋ ላይ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች

ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ የወረዱት ትል የሚያመጣውን የቢልሃርዚያ በሽታ የሚያሸጋግሩትን የውሃ ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነበር። ወንዙ ዳር ሴቶች እንደ ወትሮው ልብስ ያጥባሉ። ሳሙናቸው እንዶድ ነው፤ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ሲመታ አረፋው የሚገነፍል፣ ነጠላና ጋቢን የሚያነጣ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ፍሬ። ከአጣቢዎቹ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ከፍ ብሎ ባለው ግን በሕይወት አሉ።

ሴቶቹ እንዶዱን ያውቁታል፤ መንገደኛውም ወንዙን በየቀኑ ይሻገራል። ዶክተር አክሊሉ ግን ያዩትን ለማመን አልቸኮሉም። ከላይኛው ውሃ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ለቅመው ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርላቸው ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የዚያች ደቂቃ ጥያቄ ዕድሜ ልክ የሚያሠራ ሆነች።

ይህ ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው የእንዶድ ታሪክ ተብሎ ነው። ተገቢም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ነው፦ ቀንድ አውጣ ሁሉ በሽታ አይሸከምም፤ የተሸከመውም የሚሸከመው አንድ ዓይነት ትል አይደለም። ዶክተር አክሊሉ አድዋ የደረሱት የትኛው ቀንድ አውጣ የትኛውን ትል እንደሚያሳድግ ሌሎች አስቀድመው ለይተውላቸው ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሚያይሪና ሱዙኪ የተባሉ ጃፓናውያን የቢልሃርዚያ ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ እንደሚያድግ አረጋገጡ። በ1915 ሮበርት ሌይፐር ግብፅ ውስጥ የአንጀቱና የፊኛው ቢልሃርዚያ በተለያዩ ቀንድ አውጣዎች እንደሚተላለፉ አሳየ። ከዚያ በፊት ሁለቱን እንደ አንድ የሚቆጥሩ ሐኪሞች ነበሩ።

ጫግኒ ላይ ሆኜ ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዚያ በአብዛኛው የሚገኘው ከ1000 እስከ 2200 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር ነው፤ ጫግኒም ከዚያው መካከል ናት። እንደ አርዲና ዱራ ባሉት ወንዞቻችን ልብስ ይታጠባል፣ ከብት ይጠጣል፣ ልጅ ይዋኛል። እንግዲህ ውሃ ዳር ቀንድ አውጣ ያየ ሰው ምን መለየት ይችላል?

መጀመሪያ ቅርፊቱን። የአንጀት ቢልሃርዚያ ትልን የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ በግ ቀንድ በራሱ ዙሪያ ተጠምጥሞ ሾጣጣ ጫፍ የለውም። ሾጣጣ የሆነውን ደግሞ ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራስህ አድርገህ ያዘው። አፉ በስተቀኝ ከዋለ የጉበት ትል ከሚያሳድጉት ወገን ሊሆን ይችላል፤ በስተግራ ከዋለ የፊኛ ቢልሃርዚያን፣ የከብት ቢልሃርዚያንና ሌሎች የከብት ትሎችን ከሚያሳድጉት። በጓንት ካልሆነ በቀር ቀንድ አውጣውንም ውሃውንም በእጅ መንካት አይገባም።

ቅርፊቱ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ፍርዱ ከውስጡ የሚወጣው ነው። ባለሙያዎች እያንዳንዱን ቀንድ አውጣ ንጹሕ ውሃ ባለበት ትንሽ ብርጭቆ ለየብቻው አስቀምጠው ብርሃን ያበሩበታል። የታመመ ከሆነ ከሰዓታት በኋላ ውሃው ውስጥ የሚርመሰመሱ ደቃቅ ነገሮች ይታያሉ፤ ሰርካሪያ ይባላሉ። ርዝመታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የቢልሃርዚያው ጭራ ጫፉ እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለ ነው። የጉበት ትሉ ጭራ ግን አይከፈልም፤ ትሉም ብዙ ሳይዋኝ ሣር ላይ ተለጥፎ ጭራውን ይጥልና ሽፋን ያበጃል፤ በሬው ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። ሁለት ጥቁር የዓይን ነጠብጣብ ኖሮት ጭራው ያልተከፈለው ደግሞ በብዛት የከብት ጨጓራ ትል ልጅ ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጭራው መንሽ የሆነ ሁሉ የሰው ጠላት አይደለም። የወፎች ቢልሃርዚያም ጭራው እንዲሁ ነው፤ ብዙዎቹ ግን የዓይን ነጠብጣብ አላቸው። የከብቱን ቢልሃርዚያ ከሰው የፊኛ ቢልሃርዚያ በዓይን ለመለየት ስለሚያስቸግር ተመራማሪዎች አይጥ ላይ አሳድገው ወይም ዘረመሉን መርምረው ያረጋግጣሉ። ሌላው ምልክት ሰዓቱ ነው። የሰው አንጀት ቢልሃርዚያ ሰርካሪያ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትበረታ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ልጆቻችን ወንዝ የሚወርዱትም በዚያው ሰዓት ነው። ሰርካሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን ሰርስሮ ይገባል።

ወደ አድዋው እንዶድ ልመለስ። እዚያ ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከነዋሪው 60 በመቶ በላይ ይዞ የነበረው በሽታ ወደ ሲሶ ግድም ወረደ። በሕፃናት ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ነበር የወረደው። ይበልጥ የሚያሳምነኝ የሕፃናቱ ቁጥር ነው፤ እነርሱ አዲስ የሚያዙት ናቸውና መተላለፉ ራሱ እንደቀነሰ ይነግሩናል። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1966 የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እርሳቸው በ1997 አረፉ። እንዶድ ግን በአገር ደረጃ የወንዝ መድኃኒት ሳይሆን ቀረ፤ በቂ የመርዛማነት ጥናት አልቀረበለትም የሚለው ክርክር ዓመታትን በላ። ስጋቱ ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው አልልም፦ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እንዶድ ዓሣውንም ይገድላል። ሳይለዩ ወንዝ ውስጥ መጨመር የማይገባውም ለዚህ ነው።

የጫግኒ የባዮሎጂ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የእንስሳት ሐኪሞች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ልጆች በሚዋኙበትና ልብስ በሚታጠብበት መሻገሪያ ሁሉ ምን ዓይነት ቀንድ አውጣ እንዳለ መዝግቡ፤ ጠፍጣፋው ከተገኘ ናሙናው ማይክሮስኮፕና ባለሙያ ወዳለበት ላቦራቶሪ ይላክ፤ በዚያ ውሃ የሚዋኙት ልጆችም የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ አካላቸው ውስጥ ያለውን ትል ይገድልላቸዋል፤ ነገ ወደዚያው ወንዝ ሲገቡ ዳግም ከመያዝ ግን አያድናቸውም።