ሰባተኛውና ስምንተኛው ሕግ

አንድ የጀርመን ተዋጊ አብራሪ ነበር፤ ኦስቫልድ ቦልከ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1916፣ የአየር ውጊያ ገና ዳዴ ሲል፣ ለወጣት አብራሪዎች ስምንት ሕጎች ጻፈላቸው። ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ፤ ከኋላ ግጠም፤ በደንብ ሳትጠጋ አትተኩስ። ሰባተኛው በጠላት መሬት ላይ ስትሆን የመመለሻ መንገድህን እንዳትረሳ ይላል። ስምንተኛው ደግሞ ውጊያው ሲበታተን ብዙ ሆናችሁ አንዱን አታሳድዱ ይላል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 28 ቀን ቦልከና ጓደኛው ኤርቪን ቦመ አንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ተያይዘው ሲያሳድዱ፣ ሌላ አውሮፕላን ድንገት ፊታቸው ላይ አቋረጠ። ለመሸሽ ሲታጠፉ የቦመ ጎማ የመምህሩን የላይኛውን ክንፍ ነካው። ንክኪው ብዙም የሚባል አልነበረም፤ ክንፉ ግን እንጨትና ሸራ ነው። 40 አውሮፕላን የጣለው ቦልከ በ25 ዓመቱ ሞተ።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ማንፍሬድ ፎን ሪክትሆፈን፣ ያን ቀን እዚያው ሰማይ ላይ ነበር። ኋላ አውሮፕላኑን ቀይ ቀባና ስሙ ከመምህሩ በላይ ገነነ። ለጣለው አውሮፕላን ሁሉ የብር ዋንጫ ያሠራ ነበር፤ ብሩ ከአገር እስኪጠፋ 60 ደርሶለታል። የጣለው ግን 80 ነው።

ኤፕሪል 21 ቀን 1918 በሶም ወንዝ አካባቢ ዊልፍሪድ ሜይ የሚባል ጀማሪ ካናዳዊ አብራሪ አየ። ሜይ ከላይ ሆነህ ተመልከት፣ ውጊያ አትግባ ተብሎ ነበር፤ አላስቻለውም፣ ገባ። መትረየሱ ነከሰበትና አፈገፈገ። ልምድ ስለሌለው ወዴት እንደሚታጠፍ ራሱም አያውቅ፤ አሳዳጁ እንዴት ይወቅ? ሪክትሆፈን ዝቅ ብሎ፣ ወንዙን ይዞ፣ የአውስትራሊያ ወታደሮች ካሉበት መሬት ድረስ ተከተለው። አንዲት ጥይት ደረቱን በሳችው። እሱም 25 ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ መምህሩ በስምንተኛው፣ ተማሪው በሰባተኛው ወደቁ። ሕጉ ጠፍቷቸው አይመስለኝም፤ አንዱ ጽፎታል፣ ሌላው ኖሮበታል። ሊያዝ የደረሰ ሰው ከፊት ሲሮጥ ግን የአዋቂም ዓይን ከጀርባው ላይ አይነቀልም። ለአንድ ክንድ ድንበር ሲካሰስ ኖሮ በሬዎቹን ሸጦ ለጠበቃ የከፈለ ገበሬ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ባላጋራው በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሊረታ የተቃረበ ይመስለው ነበር። የ80 ልምድም ቢሆን ይህን ያባብሳል እንጂ አያበርድም፤ 80 ጊዜ ተከትሎ የጣለ ሰው ለምን ይመለሳል?

ሜይ ትእዛዝ ጥሷል፤ ከሦስቱ ግን ወደ ቤቱ አዙሮ የበረረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1929 በካናዳ ክረምት፣ ጣሪያ በሌላት ትንሽ አውሮፕላን፣ ከጓደኛው ጋር ሆኖ የዲፍቴሪያ መድኃኒት ከኤድመንተን ወደ ፎርት ቨርሚሊየን አደረሰ።