የቆይታው ዓመት የማን ነው?

ልጆቼ፣ ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ እኛ ስናድግ ያልነበረ ነው። ኳስ ሲባል በእግር የሚለጋውን ነበር የምናውቀው። ዛሬ ግን በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም፣ በዳላስም በሚኒያፖሊስም የሚያድጉ ልጆቻችን የራስ ቁር ደፍተው፣ ትከሻቸውን አስረው የአሜሪካውን ፉትቦል ሲጫወቱ እናያለን። ከእነሱም የቀናው በስኮላርሺፕ ኮሌጅ ይገባል። ያን ጊዜ አሰልጣኙ ቤተሰቡን ፊት ለፊቱ ያስቀምጥና «ልጃችሁን የመጀመሪያውን ዓመት ሬድሸርት እናደርገዋለን» ይላል። አባት ግራ ይጋባል፤ እናት «ምን አጥፍቶ ነው?» ትላለች፤ ልጁ አንገቱን ይደፋል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና አስቀድመን ነገሩን እንወቀው። ሬድሸርት መሆን ቅጣት አይደለም። የኮሌጅ ስፖርትን በሚያስተዳድረው በኤንሲኤኤ ደንብ መሠረት፣ ተማሪው ኮሌጅ ከገባ ጀምሮ አምስት ዓመት ይቆጠርለታል፤ ከአምስቱ የሚወዳደረው ግን አራቱን ነው። አንዱ ዓመት ትርፍ ሆኖ ይቀመጥለታል። በዚያ ዓመት ልጁ ይማራል፣ ይለማመዳል፣ ከቡድኑ ጋር ይበላል፤ ስኮላርሺፕ ካለውም በዚያው ይቀጥላል። የቀረበት ውድድሩ ብቻ ነው። እንደሚነገረው ከሆነ ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1937 በኔብራስካ ነው። ዋረን አልፍሰን የሚባል ተጫዋች ከፊቱ የተሰለፉትን ብዛት አይቶ «ዘንድሮ ልለማመድ እንጂ አልሰለፍ» ብሎ ጠየቀና፣ ቁጥር የሌለው ቀይ ማልያ ለብሶ ከረመ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ያን ዓመት የጠየቀው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ማንም አላስቀመጠውም።

አገር ቤት ያረሰ ሰው የዚህ ነገር ምክንያት አይጠፋውም። ወይፈን ጫንቃው ሳይጸና ቀንበር አይጫንበትም። ሲገራም ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ ትልም ይዞ መሄድን ከጎኑ ካለው ይማራል። «ጉልበት አለው» ብሎ ያለ ጊዜው ጭንጫ ላይ ያዋለው ገበሬ፣ ለከርሞ በሬም እርሻም የለውም። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅም ትናንት ከእኩዮቹ ጋር ሲጋፋ ቆይቶ፣ ዛሬ ከ300 ፓውንድ በላይ ከሚመዝን የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ጋር ደረት ለደረት ይገጥማል። በተለይ ከፊት መስመር የሚቆሙት፣ ላይንማን የሚባሉት፣ ሥራቸው መግፋትና መገፋት ነው። አጥንት የሚጸናው ደግሞ በጊዜው ነው እንጂ በችኮላ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

ይህ ዓመት ከቅርብ ሲታይ ምን ይመስላል? ማክሰኞ ከሰዓት ነው እንበል። ዋናው ቡድን ለቅዳሜ ይዘጋጃል። ከወዲያ በኩል የተሰለፉት ፍሬሽማን የሚባሉት የመጀመሪያ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ሥራቸው የቅዳሜውን ባላጋራ መስለው መጫወት ነው። ረዳት አሰልጣኙ የባላጋራው አሰላለፍ የተሣለበትን ካርቶን ከፍ አድርጎ ያሳያቸዋል። ልጁ መስመሩን በዓይኑ ተከትሎ ቦታውን ይይዛል፤ ኳሱ ሲነሣ ከቡድኑ ሁሉ የበረታው ተከላካይ ይመጣበታል። ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ሌላ ካርቶን ይወጣል። ቅዳሜ ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ እሱ ማደሪያው ተቀምጦ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያያል። እናት ደውላ «ዛሬም አልተጫወትክም?» ስትለው ከተከላካዩ ግጭት ይልቅ የሚያመው ይህ ነው። እባካችሁ እናቶች፣ «ዛሬ ምን ተማርክ?» በሉት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ዓመት ነው።

ይህን ዓመት በወጉ የተጠቀሙበት አሉ። ጆኒ ማንዜል በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 2011ን ሳይሰለፍ ቆይቶ፣ በ2012 የኮሌጅ ፉትቦል ታላቁን ሽልማት፣ የሄይስማንን ዋንጫ ወሰደ። የቆየበት ዓመት ከውድድር ስለማይቆጠር፣ ፍሬሽማን ተብሎ ያን ዋንጫ ሲወስድ የመጀመሪያው እሱ ነበር። በዓመቱ በ2013 የፍሎሪዳ ስቴቱ ጄሚስ ዊንስተን እንዲሁ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ ሄይስማንንም የአገሪቱን ሻምፒዮናም ጠቀለለ። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ የጨዋታው ዕቅድ የተጻፈበትን ጥራዝ ሸምድደው፣ የሜዳውን ፍጥነት ለምደው ነበር የወጡት።

ሽማግሌ ግን አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንላለን፤ ይህ ተረት በየቦታው አይሠራም። በ1980 ኸርሸል ዎከር ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ መጥቶ በፍሬሽማንነቱ ጆርጂያን ለአገሪቱ ሻምፒዮና አብቅቷል። ፍሬሽማን በዋናው ቡድን እንዲሰለፍ የተፈቀደው በ1972 ነውና፣ ከዚያ በፊት ኮሌጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያ ዓመት በልምምድ ብቻ ባለፈ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውም እውነት አለው፤ በተለይ ኳስ ይዞ ለሚሮጥ ልጅ። የሯጭ ጉልበት ዕድሜው አጭር ነው፤ የደረሰን ልጅ አስቀምጦ ማቆየት ያለውን ማባከን ነው።

ሌላም ነገር አለ። የባለሙያዎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል ከሁለተኛ ደረጃ ከወጣ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ አይቀበልም፤ ሬድሸርት የሆነበት ዓመትም ከሦስቱ ይቆጠራል። ስለዚህ ጎበዙ ልጅ ሦስቱን ሞልቶ ይሄዳል፤ ያ የተቀመጠለት አምስተኛ ዓመት ሳይነካ ይቀራል። አምስተኛውን ዓመት የሚበላው ብዙ ጊዜ መካከለኛው ተጫዋች ነው። የእናንተ ልጅ የትኛው እንደሆነ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ማንም አያውቅም፤ አሰልጣኙም ቢሆን። ለዚህ ነው መልሱን ከሜዳው ላይ ብቻ አትፈልጉት የምላችሁ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ መቆየትን፣ መሰለፍንና ለቆ መሄድን በአንድ ሳምንት ያሳያል። በ2018 በሳውዝ ካሮላይና የሚገኘው የክሌምሰን ቡድን ሦስት ኳርተርባኮች፣ ማለትም ኳሱን እየወረወሩ ጨዋታውን የሚመሩ ልጆች፣ ነበሩት። ኬሊ ብራያንት የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ያለ፣ ባለፈው ዓመት ቡድኑን ይዞ እስከ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ነው። ትሬቨር ሎውረንስ ገና የገባ ፍሬሽማን ነው። ቼዝ ብራይስ ደግሞ ያለፈውን ዓመት በቆይታ ያሳለፈ፣ ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው ልጅ ነው። በዚያው ዓመት ኤንሲኤኤ ደንቡን አላልቶ፣ ተጫዋች እስከ አራት ጨዋታ ተሰልፎ እንኳ ዓመቱ እንዲቀመጥለት ፈቅዶ ነበር። አራተኛው ጨዋታ ሲያበቃ አሰልጣኙ ቦታውን ለፍሬሽማኑ ሰጠው። ብራያንትም በአዲሱ ደንብ ተጠቅሞ፣ ዓመቱን አስቀምጦ፣ ቡድኑን ለቆ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የሲራክዩዝ ቡድን ሊገጥማቸው መጣ። ሎውረንስ ከዕረፍት በፊት ተመትቶ ወጣ። ብራያንት የለም። ያ የማይታወቀው ብራይስ ገባ። በአራተኛው ሩብ ሲራክዩዝ 23 ለ13 እየመራ ነበር። ልዩነቱ ጠቦ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ ብራይስ ከራሱ ሜዳ ጥግ ተነሥቶ 94 ያርድ አስኬዳቸው። መሐል ላይ አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ደረሰ፤ ስድስት ያርድ ይቀራል፤ ካልተሳካ ጨዋታው አለቀ። ልጁ ኳሱን ለቲ ሂጊንስ ወርውሮ አሳካው። 41 ሰከንድ ሲቀር ክሌምሰን አስቆጠረና 27 ለ23 አሸነፈ። ሎውረንስ በሳምንቱ ተመለሰ፤ ቡድኑም ያን ዓመት አንድም ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ።

በብራያንት ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ቦታውን ያጣ ሰው ቀሪ ዓመቱን ማዳኑ ነውር አይደለም፤ ደንቡም ፈቅዶለታል። ቢሆንም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ በከርሞው የተጫወተበት ሚዙሪ ካሸነፈው እኩል ተሸነፈ፤ ጥሎት የሄደው ቡድን ደግሞ ዋንጫ በላ። ሎውረንስ የደረሰ ልጅ ነበር፣ መጠበቅ አላስፈለገውም። ብራይስ ግን ሳይታይ ሠርቶ ስለነበር፣ በተጠራበት ሰዓት ዝግጁ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላም ዋናው ቦታ አልተሰጠውም። እሱ ግን ዲግሪውን ከክሌምሰን ይዞ ወደ ዱክ፣ ከዚያም ወደ አፓላቺያን ስቴት ሄዶ በመሪነት ተጫወተ። ያ የቆይታ ዓመት የማን ሆነ? የራሱ ሆነ።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ተለውጧል። ድሮ አሰልጣኝ ልጁን አንድ ዓመት ሲያሳድግ፣ ቀጥሎ አራት ዓመት እንደሚያገለግለው ያውቅ ነበር። ከ2021 ወዲህ ግን ተጫዋች ዓመት ሳይቀመጥ ትምህርት ቤት መቀየር ይችላል፤ በስሙና በመልኩም ገንዘብ ይቀበላል። በ2025 ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ለተጫዋቾች መክፈል ጀመሩ፤ ስምምነቱን የተቀበሉት የፉትቦል ቡድናቸው ከ105 ሰው እንዳይበልጥ ተወሰነ። አሰልጣኙም «ያሳደግሁት ልጅ ለሌላ ከሆነ ምን አደከመኝ?» ማለት ጀምሯል፤ የደረሰ ጎልማሳ ከሌላ ቡድን ማምጣት ይቀልለዋል። ስለዚህ ዛሬ «ቆይ» የተባለ ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በእውነት እየተኮተኮተ ያለ፣ ሌላው ቦታ እስኪፈለግ የተቀመጠ። ሁለቱን መለየት የእናንተ ፋንታ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አሰልጣኙን በአክብሮት፣ ግን ሳታፍሩ ጠይቁት። ይህ ዓመት ለምን አስፈለገ? ለልጁ አካልና ዕውቀት ነው ወይስ ለቡድኑ ቁጥር? በዓመቱ ውስጥ ክብደቱን፣ ምግቡን፣ ትምህርቱን የሚከታተለው ማን ነው? ስኮላርሺፑ የተጻፈው ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለሁሉም? «ከርሞ ኮከብ ይሆናል» ቢላችሁ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንባችሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ያለውን በወረቀት ያስፍርላችሁ።

አንተም ልጄ፣ ሰውነትህ ገና ከሆነ፣ በተለይ ከፊት መስመር የምትቆም ከሆነ፣ ዓመቱን ሳታቅማማ ተቀበል፤ እንደ አልፍሰን ራስህ ጠይቀህ ብትወስደው ደግሞ የበለጠ ያኮራል። ደርሰህ ከሆነና ሜዳው ከጠራህ ግን ግባ፤ ትሕትና ብለህ አትቅር። ከቡድንህ ብትለይም ጓደኞችህን በመሐል መንገድ ጥለህ አትሂድ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዓመቱ ከተሰጠህ ደግሞ በክፍል ውስጥ አውለው። በክረምት ኮርስ እየወሰድህ ዲግሪህን በአራት ዓመት ጨርስ፤ አምስተኛው ዓመት ቢመጣ ማስተርስህን ትጀምርበታለህ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል የተባለው ለዚህ ነው። ጉልበት በአንድ ክፉ ግጭት ይሰናከላል፤ የተማርኸውን ግን ማንም ከሜዳ አያስወጣብህም።

ስለዚህ «ይጠቅማል ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ልጁ ሲሠራበት ይጠቅማል፤ ሲያስቀምጡት አይጠቅምም። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔ ግን ልጆቻችንን መከራ ከሚመክራቸው ዛሬ ቁጭ ብለን ብንነጋገር እመርጣለሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ እንግሊዝኛውን የሚያውቁ ልጆች አሉን፣ አብረን እናነበዋለን። እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ከጉዳት ይጠብቅላችሁ።