መድን የሌለው ድኻ ስለሚከፍለው ቅጣት

መንግሥት ከዜጋው ገንዘብ የሚወስድባቸው ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም፣ ሦስቱን ለይቶ ማየት ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። ቅጣት የሚጣለው አንድ ሰው ማድረግ የሚገባውን ባለማድረጉ ወይም የማይገባውን በማድረጉ ስለሆነ በከፋዩ ላይ ጥፋት መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል፤ ግብር ለጋራ ወጪ የሚዋጣ ስለሆነ የከፋዩን አቅም ይመለከታል፤ ዋጋ ደግሞ ለሚገኝ ነገር የሚከፈል ስለሆነ ከፋዩ ለመግዛትም ላለመግዛትም ነፃ መሆኑን ይቀበላል። ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2010 የፈረሙት የአሜሪካ የጤና መድን ማሻሻያ ሕግ ከነዚህ ከሦስቱ በየትኛው እንደሚመደብ ሊቃውንትንና ዳኞችን ያከራከረ ክፍያ ፈጠረ። ክፍያው ከ2014 ጀምሮ የጤና መድን ሳይኖረው የቆየ ሰው ከዓመታዊ ግብሩ ጋር አብሮ የሚያስገባው ገንዘብ ነበር። እዚህ የሚመረመረው፣ ይህ ክፍያ ዝቅተኛ ገቢ ባለው ሰው ላይ ሲያርፍ በጥፋት፣ በአቅም ወይም በምርጫ ስም ፍትሐዊ ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ሕጉ ግዴታውን የጣለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀድሞ የመድን ኩባንያዎች የቆየ ሕመም ያለበትን አመልካች አንቀበልም ማለት ወይም የማይቀመስ አረቦን መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ አረቦን ማለት መድን የገባ ሰው ለመድን ኩባንያው በየጊዜው የሚከፍለው ገንዘብ ነው። አዲሱ ሕግ ይህን ከለከለ፤ ይሁን እንጂ ኩባንያው ታማሚውንም ጤነኛውንም በእኩል እንዲቀበል ሲገደድ፣ ጤነኛው እስኪታመም ድረስ ከመግዛት ቢቆጠብ ትርፉ የእሱ፣ ኪሳራው የሌሎቹ መድን ገቢዎች ይሆናል። በመድን ውስጥ ታማሚዎች ብቻ እየቀሩ አረቦኑ የሚያሻቅብበትን ይህን ሂደት የምጣኔ ሀብት ሰዎች የተዛባ ምርጫ ይሉታል፤ የሕክምና ገበያ ከሌሎች ገበያዎች የሚለይበትን ምክንያት ኬነት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጽሑፍ ከተነተነ ወዲህ ጉዳዩ በሰፊው ሲጠና ኖሯል። በተጨማሪም በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ ሆስፒታሎች ለድንገተኛ ሕክምና የመጣን ሰው መክፈል ይችላል አይችልም ሳይሉ መርምረው ከአስጊ ሁኔታ እንዲያወጡት ያስገድዳል። ስለዚህ መድን የሌለው ሰው በጨነቀው ሰዓት የሚደርስለት ተቋም አለ፤ ወጪው ግን ሌላ ቦታ ይወድቃል።

ለግዴታው የሚቀርበው ጠንካራው ፍልስፍናዊ መከራከሪያ ከዚሁ ይመነጫል። ኤች. ኤል. ኤ. ሃርት እ.ኤ.አ. በ1955 እንዳስረዳው፣ ሰዎች በጋራ ደንብ ተሳስረው ነፃነታቸውን እየገደቡ የጋራ ጥቅም ሲፈጥሩ፣ ከጥቅሙ የተካፈለ ሰው ሸክሙንም የመካፈል ግዴታ አለበት። ለአማርኛ አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ በእድር ወርሃዊ መዋጮውን የማይከፍልና ለቀብር የማይወጣ አባል መቀጫ የሚጣልበት በዚሁ መርሕ ነው። ሮበርት ኖዚክ በ1974 በሰጠው ትችት ግን ሌሎች ጥቅም ስላዘጋጁለት ብቻ፣ ያልጠየቀውና ያልተስማማው ሰው ባለዕዳ ሊሆን አይገባም ሲል ሞግቷል። የኖዚክ ትችት በጤና ላይ ሲሰነዘር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ራሱን ስቶ ወደ ሆስፒታል የሚወሰድ ሰው አልተስማማሁም ብሎ ከእርዳታው ውጭ መሆን አይችልም። ሆኖም የሃርት መርሕ ሸክሙ በአግባቡ የተደለደለ መሆኑን ቀድሞ ይጠይቃል፤ ማንም ድርሻውን ይወጣ ሲባል ድርሻው በምን ሚዛን እንደተሰፈረ መታየት አለበት፣ ክፍያውም የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

በ2016 የነበረው ስሌት እንዲህ ነበር። መድን የሌለው አዋቂ 695 ዶላር፣ ወይም ግብር ለማስታወቅ ከሚያስገድደው የገቢ ወለል በላይ ካለው ገቢው 2.5 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይከፍላል፤ ይሁንና ክፍያው የዝቅተኛው የመድን ደረጃ፣ ማለትም የብሮንዝ መድን፣ አገር አቀፍ አማካይ ዓመታዊ አረቦን ከሆነው 2,676 ዶላር ሊበልጥ አይችልም ነበር። ላላገባ ሰው የገቢው ወለል 10,350 ዶላር ስለነበር፣ 2.5 በመቶው ከ695 ዶላር የሚበልጠው ገቢው 38,150 ዶላር ካለፈ በኋላ ነው። ከዚህ የሚከተለው ውጤት ብዙም ሳይነገርለት ቀርቷል። በዓመት 18,000 ዶላር የሚያገኝ ሰውና 38,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው እኩል 695 ዶላር ይከፍላሉ፤ ለመጀመሪያው ከገቢው 3.9 በመቶ ያህል፣ ለሁለተኛው 1.8 በመቶ ነው። 200,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው ደግሞ ጣሪያው ስለሚያግደው ከገቢው 1.3 በመቶ ብቻ ይከፍላል። እንደ ግብር ከታየ፣ ድኻው ከሀብታሙ ይልቅ ከገቢው የሚበልጥ ድርሻ የሚከፍልበት ግብር ነው፤ ይህም ግብርን ከሚያጸድቀው ሐሳብ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። እንዲህ መሆኑ ግን ግድ አልነበረም፤ ማሳቹሴትስ በ2006 ባወጣችው የራሷ ሕግ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት ወለል 150 በመቶ የማይበልጥ ሰዎችን ከቅጣት ነፃ አድርጋ፣ ለሌሎቹ ክፍያውን ከገቢያቸው ጋር በደረጃ ከፍ የሚል አድርጋዋለች።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2012 በሰጠው ውሳኔ ክፍያውን ያጸናው በግብርነቱ ነበር። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ በጻፉት የአምስት ለአራት ውሳኔ መሠረት፣ ኮንግረስ ንግድን የመቆጣጠር ሥልጣኑን ተጠቅሞ ሰውን መድን እንዲገዛ ሊያዝ አይችልም፤ መድን በሌለው ላይ ግብር መጣል ግን ይችላል። ለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች መካከል የክፍያው መጠን ብዙ ጊዜ ከመድኑ ዋጋ ማነሱ፣ የሚሰበሰበውም በግብር መሥሪያ ቤቱ መሆኑ፣ ያልከፈለውም ሰው በወንጀል አለመከሰሱ ይገኙበታል፤ በውሳኔው መሠረት ክፍያውን መርጦ መድኑን የተወ ሰው ሕግ አልጣሰም። ይህ ለሕገ መንግሥት ጉዳይ በቂ መልስ ሊሆን ይችላል፤ ለፍትሕ ጥያቄ ግን በቂ አይደለም። ምርጫ አለ የሚባለው ሁለቱም መንገዶች ለመራጩ ክፍት ሲሆኑ ነውና።

መንገዱ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። ሕጉ እንደ ታቀደው ቢሆን ኖሮ፣ ገቢያቸው እስከ ድህነት ወለሉ 138 በመቶ የሆነ አዋቂዎች ሜዲኬይድ በተባለው የድኾች የሕክምና ፕሮግራም ይታቀፉ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ እስከ ተወሰነ የገቢ ደረጃ ድረስ በመንግሥት ድጎማ መድን ይገዙ ነበር። ያው የ2012 ውሳኔ ግን ግዛቶች ሜዲኬይድን እንዲያሰፉ መገደድ እንደሌለባቸው ስለ ደነገገ፣ ቴክሳስን የመሳሰሉ ግዛቶች ሳያሰፉ ቀሩ፤ ድጎማውም በአብዛኛው ከድህነት ወለሉ በታች ላሉት ያልተፈቀደ ስለነበር፣ እጅግ ድኻ የሆኑት በሁለቱ መካከል ወደቁ። ሊደረግ የማይችል ነገር ግዴታ ሊሆን አይችልም የሚለውና በተለይ ከኢማኑኤል ካንት ስም ጋር የሚያያዘው መርሕ እዚህ ላይ በግልጽ ይሠራል፤ የሕጉ አስፈጻሚዎችም እነዚህን ሰዎች ከቅጣት ነፃ አድርገዋል፤ ሕጉ ራሱም ግብር ለማስታወቅ የማይገደዱትንና የሚያገኙት ርካሹ መድን በመጀመሪያው ዓመት ከገቢያቸው 8 በመቶ የሚበልጥባቸውን ነፃ አድርጓል። ነፃ መደረጋቸው ተገቢ ነበር። ቢሆንም ከቅጣት የዳነው ሰው ያለ ሕክምና ዋስትና ቀርቷል።

የ8 በመቶው ገደብ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። መቶኛው ገቢን ያያል እንጂ የኑሮን ግዳጅ አያይም፤ በዓመት 18,000 ዶላር ለሚያገኝ ሰው 8 በመቶ 1,440 ዶላር ነው፣ ይህም ከቤት ኪራይና ከምግብ በተረፈው ሲለካ ከባድ ሸክም ነው። በአሜሪካ ለሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከገቢው ላይ ቀድሞ የሚነሣ ሌላ ግዳጅ አለ፤ ለእናት፣ ለአባት፣ ለታናናሾች የሚላክ ገንዘብ። የፌዴራሉ የግብር ሕግ ጥገኛ ብሎ የሚቀበለው የአገሪቱን ዜጋ ወይም ነዋሪ፣ አለዚያም በካናዳ ወይም በሜክሲኮ የሚኖርን ሰው በመሆኑ፣ በጎንደር ወይም በደሴ ያሉ ወላጆችን የሚጦር ልጅ በቅጹ ላይ ጥገኛ የሌለው ብቸኛ ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ይህ ሰው በስሌቱ መክፈል የሚችል ነው፤ በሕሊናው ግን ገንዘቡ የእሱ ብቻ አይደለም። ሕግ የእያንዳንዱን ሰው የቤተሰብ ግዳጅ ሊመዝን አይችልም ቢባል እውነት ነው፤ መመዘን ያልቻለ ሕግ ግን ያልከፈለውን ሰው ግዴለሽ ብሎ ለመፈረጅ መቸኮል የለበትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን አቅሙም መንገዱም እያለው ቅጣቱን የከፈለው ድኻ ነው። በአሠሪው በኩል መድን የማያገኝና 18,000 ዶላር ገቢ ያለው ብቸኛ ሰው በ2016 ከድጎማ በኋላ መካከለኛ ደረጃ ላለው መድን የሚጠበቅበት ከገቢው ከ4 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ማለትም 760 ዶላር ገደማ ነበር። ቅጣቱ 695 ዶላር ነው። ከመድኑ ዋጋ ብዙም የማያንስ ገንዘብ ከፍሎ ምንም ሳያገኝ መቅረት፣ መረጃው ያለው ሰው የሚመርጠው ነገር አይመስልም፤ ስለዚህ በሌሎች ጫንቃ ሊጠቀም ያሰበ ብልጥ ሰው ነው ከማለት ይልቅ አላወቀም፣ አልደረሰበትም ወይም ውስብስብነቱ አሸነፈው ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ውስብስብነቱም የዋዛ አልነበረም፤ ለምሳሌ ዲቪ ደርሶት የመጣ ድኻ አዋቂ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በአብዛኛው ከሜዲኬይድ ይከለከል ነበር፤ በዚሁ ክልከላ ምክንያት ግን ከድህነት ወለሉ በታች ቢሆንም በድጎማ መግዛት ይችል ነበር። አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላው እንደሚከፈት የነገረው ከሌለ ሁለቱም ተዘግተዋል ብሎ ይመለሳል።

ይህን ግምት የሚያጠናክር ማስረጃ አለ። የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ቅጣቱን ለከፈሉ 3.9 ሚሊዮን ቤተሰቦች መድን የሚያገኙበትን መንገድ የሚጠቁም ደብዳቤ ላከ፤ በጀቱ ለሁሉም ስላልበቃ በዕጣ የተለዩ ሌሎች ሳይላክላቸው ቀሩ። ጃኮብ ጎልዲንና ሁለት ባልደረቦቹ ሁለቱን ወገኖች አነጻጽረው በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ደብዳቤው የደረሳቸው ሰዎች በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ይበልጥ መድን መግባታቸውንና ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 64 ዓመት በሆኑት መካከል ሞት መቀነሱን አሳይተዋል፤ በግምታቸው በዚህ የዕድሜ ክልል በየ1,648ቱ ደብዳቤ የአንድ ሰው ሕይወት ተርፏል። ደብዳቤው ስለ ቅጣቱም ስለሚያነሣ የዕውቀትን ድርሻ ከማስፈራሪያው ድርሻ ነጥሎ ማየት አስቸጋሪ መሆኑን መቀበል ይገባል። ቢሆንም ቅጣቱ ደብዳቤው የደረሳቸውንም ያልደረሳቸውንም እኩል የሚመለከት ነበርና፣ ልዩነቱን ያመጣው ለሰውየው በጊዜው መነገሩ ነው። አንድ ወረቀት የሰው ሕይወት የሚያተርፍ ከሆነ፣ ወረቀቱን ሳይልኩ ገንዘቡን መቀበል ከባድ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የከፋዩ አይደለም።

ኮንግረስ በ2017 መጨረሻ ባወጣው የግብር ሕግ የፌዴራሉን ቅጣት ከ2019 ጀምሮ ዜሮ አደረገው። ጥያቄው ግን አልተዘጋም፤ ማሳቹሴትስ የቀድሞውን ይዛ ቀጥላለች፣ ኒው ጀርሲና ዋሽንግተን ዲሲ በ2019፣ ካሊፎርኒያና ሮድ አይላንድ በ2020 የየራሳቸውን ቅጣት ጀምረዋል፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። የጋራ ሸክምን መካፈል ተገቢ ነው የሚለው መርሕ አሁንም ጸንቶ ይቆማል፤ ነገር ግን መንግሥት ማን መድን እንደሌለው፣ ገቢውም ስንት እንደሆነ በዚያው የግብር ቅጽ እያወቀ፣ ያንኑ መረጃ ለማስከፈል ብቻ መጠቀሙ ተቀባይነት የለውም። ሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ ግብር አስታዋቂው በቅጹ ላይ አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ሲያደርግ ለነፃ ወይም ለድጎማ መድን ብቁ መሆኑ እንዲጣራለትና እንዲነገረው አድርጋለች። ቅጣት የሚጥል ግዛት ሁሉ ከዝቅተኛ ገቢ ባለቤት አንዲት ዶላር ከመቀበሉ በፊት ቢያንስ ይህን ያህል ማድረግ አለበት፤ ይህን እስኪያደርግም ድረስ ክፍያውን ሊያነሣለት ይገባል።