የናቡቴ ርስት



ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ሲፈልግ የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጠው ቃል ገብቶ ነበር (1ኛ ነገ. 21)። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ፤ መሬቱ ለእርሱ ሸቀጥ ሳይሆን አደራ ነበርና።

በአገራችንም በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ሙርሲ፣ ካራ፣ ዳሰነችና ሌሎች ሕዝቦች የወንዙ ሙላት ሲጎድል በረጠበው ዳርቻ ማሽላ እየዘሩ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ግቤ 3 ግድብ ውኃውን ሲይዝ ይህ የየዓመቱ ሙላት ተቋረጠ። ለስኳር ልማት የተወሰደው መሬትም የግጦሽ ስፍራቸውን አጠበበ።

እኛ ልማትን አንቃወምም፤ ከግድቡ በሚመነጨው ኃይል ቤታችን በርቷልና። ነገር ግን የዚህን ብርሃን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ ሳንጠይቅ ልናልፍ አይገባንም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮአቸው የተነካባቸው ተመጣጣኝ ካሣ እንዲያገኙ ይደነግጋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ መሬታቸውን የሚነካ ታላቅ ሥራ ሲታሰብ ነባር ማኅበረሰቦች ዋነኞቹ ተመካካሪዎች እንዲሆኑ አስተምረዋል።

መምህራን ሆይ፤ በየሰበካችሁ መሬት የሚለካ ሲመጣ እነዚህን አንቀጾች ለሽማግሌዎች አንብቡላቸው። ነቢዩ ኤልያስ አክዓብን የገሠጸው ናቡቴ ከሞተ በኋላ ነበር፤ እኛ ግን ሳይዘገይ እንናገር። የፍትሕ አምላክ ይርዳን። አሜን።