የሰው ጊዜ ዕዳ ነው



እንደሚታወቀው ዲላ የቡና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠችው ይህች የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ገንዘብ የምታየው በአብዛኛው ከይርጋ ጨፌ፣ ከወናጎ፣ ከኮቸሬና ከገደብ በሚመጣው ቡና ነው። ቡናው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ይለቀማል፤ ይሸጣል፤ ከዕለት ፍጆታ የተረፈው ትርፍም ብዙውን ጊዜ ቤት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 በኮሌጅነት ተጀምሮ በ2006 ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዲላው የትምህርት ተቋም ደግሞ ከየአካባቢው መምህሩንና ተማሪውን አመጣ። ክፍል የሚፈልግ ሰው በዛ፤ ክፍል ሠርቶ ማከራየትም ከቡና ንግድ ጎን ለጎን ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ዛሬ በዚህ ሥራ የተሰማራውን ሰው ኢንቨስተር እንለዋለን።

ከሥራው ጋር ምክሩም አብሮ መጥቷል። በሥልጠና አዳራሽም ሆነ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ የስልክ ቪዲዮ የሚሰጠው ይህ ምክር የጊዜ አጠቃቀም ይባላል። ይዘቱ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰዓትህ ስንት ብር እንደሚያወጣ አስላ፤ ከዚያ ያነሰ የሚያስገኝ ሥራ ሁሉ የሌላ ሰው ሥራ ይሁን፤ ለቧንቧና ለቆርቆሮ ጉዳይ አትሩጥ፤ የተከራይ ስልክ ቀንህን አይብላው፤ ያንተ ሥራ ቀጣዩን ቦታ መፈለግ ነው። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1748 ለአንድ ወጣት ነጋዴ በጻፈው ምክር ጊዜንና ገንዘብን ካስተካከለ ወዲህ ይህ አነጋገር ዓለምን ዞሯል፤ አሁን ደግሞ እኛ ዘንድ ደርሶ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በመስጊድ ደጃፍ ሳይቀር እሰማዋለሁ።

ጊዜን መጠበቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ዐስር በጊዜ ምሎ የሰው ልጅ በኪሳራ ላይ መሆኑን ነግሮናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን አስተምረዋል። ለኡመታቸው በማለዳው ሰዓት በረካ እንዲደረግላት ዱዓ ማድረጋቸውን ያስተላለፈው ሰኽር አል-ጋሚዲ (ረ.ዐ.) ራሱ ነጋዴ ነበር፤ ሸቀጡን በማለዳ ይልክ ስለነበር ሀብታም እንደሆነ ተዘግቧል። የአምስቱ ወቅት ሰላት ቀናችንን ከፋፍሎ ያስቀምጥልናል፤ ሱረቱል ጁምዓም የአዛን ጥሪ ሲሰማ ንግድ እንዲቆም፣ ሰላት ሲያልቅ ደግሞ ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ያዘናል። ስለዚህ ማለዳ ተነስቶ፣ ሥራውን በቅደም ተከተል አስቀምጦ ለሚሮጥ ወንድማችን ምስጋና እንጂ ነቀፋ የለኝም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። አንድ ሰው ጊዜ ቆጠብኩ ሲል፣ የተቆጠበው ጊዜ ከየት መጣ?

ስድስት ክፍል ያከራየ ሰው እናስብ። በክረምት የጋራው ማድ ቤት ቆርቆሮ አፈሰሰ። አከራዩ በተማረው ምክር መሠረት ስልኩን አላነሳም፤ ግማሽ ቀን ተረፈው እንበል። ከተከራዮቹ አንዷ ግን ሦስት ጊዜ ከሥራዋ እያስፈቀደች ደጁን ጠናች፤ ሌላው ምሽቱን ውኃ ሲቀዳና ሲያፈስ አመሸ፤ ለፈተና የሚዘጋጀው ተማሪ ደብተሩን ይዞ ጎረቤት ሄደ። ወይም አሥራ ሁለት የቀን ሠራተኞችን እንውሰድ። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ለማየት ሄዷልና ፎርማኑ ለደመወዛችሁ ነገ ኑ አላቸው። በማግስቱ እያንዳንዳቸው ሌላ ሥራ ሳይዙ ግማሽ ቀን ቆመው ጠበቁ። ባለቤቱ ግማሽ ቀን አተረፈ፤ ከአሥራ ሁለቱ ሰዎች ዕድሜ ግን ስድስት የሥራ ቀን ሄደ። ይህ ጊዜ ተቆጠበ አይባልም። ከድሃው ኪስ ወደ ባለሀብቱ ኪስ ተዛወረ ነው የሚባለው፤ እሱም ሳይቀነስ ቢደርስ ነው።

አንዳንዱ ሰው፣ ተከራዩ ወዶ የገባ ነው፤ ካልተመቸው ይውጣ፤ ደግሞስ ሰዓት እንደ ብር ተቆጥሮ የሚወሰድ ንብረት ነውን? ይለኛል። ይህ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ኪራይ ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። ሻጭ ዕቃ ይሸጣል፤ አከራይ ግን የሚሸጠው በአንድ ቤት የመገልገያ ጊዜ ነው፤ የመስከረምን ወር፣ የጥቅምትን ወር ይሸጣል። አራጣ አበዳሪም በጊዜ ላይ ገንዘብ ይቀበላል። ታዲያ አንዱ ሐላል፣ ሌላው ሐራም የሆነው ለምንድን ነው? ፉቀሃኦች ካስቀመጧቸው ልዩነቶች አንዱ ይህ ነው፦ አከራይ የቤቱን አደጋ ይሸከማል። ቤቱ ቢፈርስ ኪሳራው የእሱ ነው፤ ቤቱን ለመኖሪያ ብቁ አድርጎ ማቆየትም የእሱ ግዴታ ነው። ኪራዩ የሚገባው ለዚህ ነው። እንግዲህ ቆርቆሮውን ለማሠራት ጊዜ የለኝም የሚል አከራይ የሸጠውን አላስረከበም ማለት ነው። ለጥገና የሚያውለው ሰዓት ከሥራው የሚያናጥበው ትርፍ ጣጣ አይደለም፤ ኪራዩን ሐላል ከሚያደርጉለት ነገሮች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ከዚህ ይጠነክራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ በደል መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። ልብ እንበል! ይህ ሰው ዕዳውን አልካደም። ዞሮ ዞሮ ይከፍላል፤ ከገንዘቡ አንዲት ሳንቲም አትጎድልም። ታዲያ የተበደለው ሰው ምኑ ተወሰደበት? ከጊዜው በቀር የተወሰደበት ነገር የለም። ማዘግየቱ ብቻውን በደል ከተባለ፣ የሰው ጊዜ መብቱ ነው፤ የሰው መብት ከሆነም ሐቁል ዒባድ ውስጥ ይገባል። ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋውን መስጠት የታዘዘውም በዚሁ መንገድ የሚታይ ነው።

እንዲያውም እኔ እንደሚመስለኝ የጊዜ ዕዳ ከገንዘብ ዕዳ ይከብዳል። ሺህ ብር የወሰደ ሰው ሺህ ብር ይመልሳል። የሰውን ሰኞ የወሰደ ግን ምን ይመልሳል? ሰኞው ሄዷል። የሚቀረው ይቅርታ መጠየቅና መካስ ብቻ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ እውነተኛው ከሳሪ ሲያስተምሩ፣ በቂያማ ዕለት ሰላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ መጥቶ፣ የበደላቸው ሰዎች ሐሰናቱን ተከፋፍለው ስለሚጨርሱበት ሰው ነግረውናል። በየደጃችን ቆመው የዋሉ ሰዎች በዚያ ሰልፍ ውስጥ እንደማይኖሩ ማን ዋስትና ሰጠን?

ከቤቱ ወደ መሬቱ ስንሻገርም ነገሩ ያው ነው። ጌዴኦ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ገበሬው በአንዲት ማሳ ላይ እንሰቱን፣ ቡናውንና ጥላ ዛፉን አንድ ላይ ያኖራል፤ እንሰቱ ለመብል ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዛፉ ደግሞ ለልጅ ልጅ ነው። ይህ አያያዝ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሪያድ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስንዝር መሬት እንዲህ በምትሠራበት አገር፣ ቦታ አጥሮ ዋጋው እስኪወጣ መጠበቅ ብልህነት ሊባል አይገባም። ባለቤቱ አልደከመም፤ ጊዜው ሠራለት ይባላል። ጊዜው ግን ቤት አጥቶ የሚጠብቀው ሰው ጊዜ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቢላል ኢብኑል ሓሪስ አል-ሙዘኒ (ረ.ዐ.) የዐቂቅን መሬት ሰጥተውት ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ፣ መሬቱ የተሰጠው እንዲያለማው እንጂ ከሰው እንዲከለክለው አለመሆኑን ነግረው፣ ሊያለማው የሚችለውን ያህል ትተውለት የቀረውን ለሙስሊሞች አከፋፈሉ። መሬት ከልሎ ሦስት ዓመት ሳያለማ ያስቀመጠ ሰው መብት እንደማይኖረውም ከእሳቸው ተዘግቧል። የአገራችንም ሕግ ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት የሊዝ ዘመን ሲሰጥ፣ ግንባታው የሚጀመርበትንና የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ጭምር ገድቧል።

የድሃው ጊዜ የሚጓደልበት ሌላም ስውር በር አለ። እንደ አብዛኞቹ ዑለማኦች አቋም ለኪራይ የተሠራ ቤት በዋጋው ላይ ዘካ የለበትም፤ ዘካው ከኪራዩ ተጠራቅሞ ኒሷብ በሞላና ዓመት በዞረበት ገንዘብ ላይ ነው። ለመሸጥ የተገዛ ቤት ግን የንግድ ዕቃ ስለሆነ በየዓመቱ ተገምቶ ዘካው ይወጣል። ይህ ዓመት የጨረቃ ዓመት ነው፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል። ሒሳቡን ከመስከረም እስከ መስከረም የሚዘጋ ነጋዴ ልዩነቱን ካላሰበበት፣ በ33 ዓመት ውስጥ የአንድ ዓመት ሙሉ ዘካ ከሚስኪኖች እጅ ይቀራል። ሰዓቱን በብር የሚያሰላ ሰው ይህን 11 ቀንም ያስላው።

በአከራይ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። ሲሚንቶና ብረት በየጊዜው ይወደዳል፤ መክፈል እየቻለ ኪራይ የሚያጓትት ተከራይም አለ። ይህም ተከራይ ያው በዳይ ነው፤ ሐዲሱ ለአንዱ ወገን ብቻ አልመጣም። ለተቸገረው ግን ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ እስኪገላገል ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል፤ ጭራሽ ቢተውለት ደግሞ የተሻለ መሆኑን ይነግረናል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፦ ጊዜ የሚበደልበት ብቻ ሳይሆን የሚሰደቅም ነገር ነው። በጥር ወር ኪራይ ያጠረውን የተማሪ አባት እስከ የካቲት መታገስ ሰደቃ ነው፤ ያውም አከራዩ ከሌላ ሥራው ሳይናጠብ የሚሰጠው።

በመሆኑም ለወንድሞቼና ለእህቶቼ የማቀርበው የጊዜ አጠቃቀም ምክር ከአዳራሹ ምክር ብዙም የረዘመ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ለጥገና ይመደብ፤ ቀኑም ለተከራይ ይነገረው። የቀን ሠራተኛ ከመግሪብ በፊት ሒሳቡን ይያዝ፤ ባለቤቱ መገኘት ካልቻለ ገንዘቡን ለፎርማኑ አስቀድሞ ይስጥ። ውል በጽሑፍ ይሁን። የማንሠራውን ቦታ ለሚሠራው እንልቀቅ። ማታ ሒሳብ ስንይዝም ዛሬ ስንት ሰዓት አተረፍኩ ከሚለው ጎን፣ ዛሬ ማንን አስጠበቅሁ የሚል መስመር እንጨምር።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለልጅ ልጅ የታሰበ ኪራይ በአንድ ቀን ተቋርጧል። በጨልባ ቱቲቲና በቱቱ ፈላ የቆሙት ጥንታዊ ትክል ድንጋዮችም የማን መታሰቢያ እንደሆኑ ስማቸው አልቀረም። በቂያማ ዕለት የአደም ልጅ ዕድሜውን በምን እንዳሳለፈ፣ ገንዘቡንም ከየት አምጥቶ በምን ላይ እንዳዋለው ሳይጠየቅ እግሩ እንደማይንቀሳቀስ ተነግሮናል። ዕድሜውን ሲጠየቅ፣ በእጁ ላይ የቆየው የሌላ ሰው ዕድሜ ተለይቶ የሚታለፍለት አይመስለኝም።

ወላሁ አዕለም።