ተክል መሆኗን ያውቃል

እ.ኤ.አ. በ1984 ኤልዛቤት ዋሪንግተን እና ቲም ሻሊስ ‹ብሬን› በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የአራት ሰዎችን ታሪክ አሳተሙ። አራቱም የኸርፐስ ቫይረስ አንጎላቸውን አጥቅቶት ከሞት የተረፉ ናቸው። ከመካከላቸው ጄ.ቢ.አር. ተብሎ የተጻፈለት ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የቁሳቁስ ሥዕል ሲያሳዩት 90 በመቶውን ምን እንደሆነ ይናገራል፤ የእንስሳትና የዕፅዋት ሥዕል ሲሆን ግን ከ6 በመቶ አላለፈም። ኮምፓስ ምንድን ነው ሲሉት የሚሄዱበትን አቅጣጫ ማወቂያ መሆኑን ያስረዳል። በቀቀን ሲሉት አላውቅም አለ። ሰጎንን ያልተለመደ ነገር ነው ብሎ አለፋት። ዳፎዲል የምትባለዋን ቢጫ አበባ ደግሞ ተክል ናት አለና በዚያው አበቃ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ወጣት ለሁሉም ወገን ምስክር ሆኗል። አንዱ አንጎል ውስጥ ለሕያዋን የተከለለ ቦታ አለ ለማለት ይጠራዋል፤ ሌላው የለም ለማለት። እኔን የሚከነክነኝ ግን ብዙዎቹ ገና ከጅምሩ የሕያዋን ምድብ ጠፋበት ማለታቸው ነው። የቱ ነው የጠፋው? ዳፎዲልን ተክል ያለ ሰው ምድቡ በእጁ ነው። ያጣው በምድቡ ውስጥ አንዷን ከሌላዋ የሚለይበትን ነው። አርስቶትል አንድን ነገር ለመበየን ወገኑንም ከወገኑ የሚለይበትንም መናገር ያስፈልጋል ይል ነበር፤ ወጣቱ ወገኑን ይዞ ልዩነቱን ጥሏል። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ‹ሰው ነው› ብሎ የሚያልፍ መንገደኛ ጎረቤቶቹን አላወቀም እንጂ ሰው ምን እንደሆነ አልጠፋውም።

እዚያው ጥናት ውስጥ ያለው ኤስ.ቢ.ዋይ. ግን ነገሬን ያበላሽብኛል። ተርብን የሚበር ወፍ ነው አለ። ይህስ ይሁን፤ ወገን ሳተ እንጂ ሕያው መሆኑን አልሳተም። ሸረሪትን ግን ለአገሩ ነገር የሚፈልግ ሰው አደረጋት፣ ክሮከስ የምትባለዋን አበባ ደግሞ ቆሻሻ ነገር አላት። ይኸው ሰው ፎጣ ሲሉት ሰውነት የሚደረቅበት ጨርቅ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ የምለው የሚጸናው ጉዳቱ መካከለኛ በሆነበት ሰው ላይ ነው፤ ጉዳቱ ሲጠልቅ ወገኑም ተከትሎ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ራሱ ግን አንድ ነገር ይናገራል፤ ቀድሞ የሚለቀው ምድቡ አይደለም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የከበደኝ አንድ ነው፦ ምድብ የሚባል ነገር ድሮም እዚህ ውስጥ የለበትም፣ ያለው የቅለትና የክብደት ልዩነት ነው የሚለው። እንስሳት እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፣ ሥዕላቸው ዝርዝር ይበዛዋል፣ ከተሜ ደግሞ ከሰጎን ይልቅ ማንኪያ ያዘወትራል። የደከመ አንጎል ከባዱን ይጥላል፤ ከባዱ ሕያው ሆኖ መገኘቱ እንዲያው አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢሌን ፈነል እና ጂን ሸሪደን ሥዕሎቹን በትውውቅ ደረጃ አመጣጥነው አንዲት ሕመምተኛ ቢፈትኑ ልዩነቱ ጠፋ። ይህ ቀላል ምት አይደለም።

መልሱ የሚገኘው ቀድሞ ከተመዘገበው ከተቃራኒው ሕመም ነው። ዋሪንግተን ከሮዛሊን ማካርቲ ጋር በ1983 እና በ1987 ያቀረበቻቸው ሰዎች እንስሳትን ያውቃሉ፣ ቁሳቁስ ነው የሚጠፋባቸው። ከባዱ ብቻ የሚወድቅ ቢሆን ቀላሉ ወድቆ ከባዱ እንዴት ቆመ? በ1991 ደግሞ አርጂ ሂሊስ እና አልፎንሶ ካራማዛ ሁለት ሕመምተኞችን በአንድ ዓይነት ዝርዝር ፈትነው አንዱ የሳተውን ሌላው ሲያውቀው አሳዩ። ብዙዎች እዚህ ላይ ክርክሩን ዘጉት።

እኔ ለመዝጋት አልቸኩልም። የትውውቅ ደረጃው የማን ነው? በሙያው በሰፊው የሚሠራበት፣ በ1980 የታተመው የ260 ሥዕሎች ስብስብ የትውውቅ ነጥቡን ያገኘው ከአሜሪካ ተማሪዎች ነው። ቡሬውን ከዳለቻው፣ ቦቃውን ከጎዳው ሲለይ ላደገ የመንዝ እረኛ ከባዱ ኮምፓሱ ነው። ታዲያ አንድ ዓይነት ዝርዝር ለሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፈተና አይሆንም፤ እያንዳንዱ ሰው ከነኑሮው ነው የሚፈተነው። የጣሊያን ተመራማሪዎች እንዳስተዋሉትም፣ በተለይ በዕፅዋት እውቀት ላይ የሚጎዱት ባመዛኙ ወንዶች ናቸው። ይህን ሳነብ ከሕመሙ በፊትም ቢሆን ቆስጣን ከጎመን የማይለዩ ወንዶች ትዝ ይሉኛል። ቢሆንም ትውውቅ ጥቂቱን ቢያስረዳ ነው፤ በ6 እና በ90 መካከል ያለውን ገደል የአንድ ተማሪ አኗኗር ብቻውን ቆፈረው ማለት ይከብዳል።

ልቤ የሚያዳላው ለዋሪንግተን የመጀመሪያ ማብራሪያ ነው። እንስሳን የምናውቀው በመልኩ ነው፣ መሣሪያን በሥራው፤ የመልክ እውቀት ሲጎዳ እንስሳት ይወድቃሉ። ጄ.ቢ.አር. የሙዚቃ መሣሪያዎችም ጠፍተውበት ነበር፤ የአካል ክፍሎችን ግን ያውቃል። የተሰነጠቀው በሕያውና በግዑዝ ድንበር ላይ ቢሆን ክራሩ ይተርፍ፣ ክንዱ ይጠፋ ነበር። ካራማዛ እና ጄኒፈር ሼልተን በ1998 ይህን አልተቀበሉም፤ አዳኝ አውሬን ከሚበላ ፍሬ ቶሎ መለየት የሕይወት ጉዳይ ስለነበር ተፈጥሮ ለዚሁ የተለየ ቦታ አበጅታለች አሉ። እንዲህ ያለውን የጥንት ዘመን ትረካ ስሰማ እጠራጠራለሁ፤ ያልታየ ነገር ምንም ቢሉለት ይስማማዋል።

ግን አንድ ልጅ አለ። ማርታ ፋራህ እና ካሮል ራቢኖዊትዝ በ2003 የጻፉለት ሲሆን ስሙን አዳም ብለውታል፤ ለእንስሳቱ ሁሉ ስም ባወጣው ሰው ስም መሆኑ ነው። በተወለደ በአንድ ቀኑ ማጅራት ገትር ይዞት አንጎሉ ተጎዳ። በ16 ዓመቱ ሲፈተን ስለ ቁሳቁስ እንደ እኩዮቹ ያውቃል፤ የሕያዋን ነገር ግን አልገባለትም። ያልገባለት ደግሞ መልካቸው ብቻ ቢሆን የዋሪንግተንን ማብራሪያ እይዝ ነበር። በዓይን የማይታየውን፣ በጆሮ ብቻ የሚገኘውን እውቀት እንኳ አልያዘም። የቀረው አንጎሉ ለመማር 16 ዓመት ነበረው፤ ለቁሳቁስ በቃው፣ ለሕያዋን አልበቃውም። ለሕያዋን የተመደበ ሥጋ አለ ወደሚለው መግፋቱን አልወደውም። ነገር ግን በተወለደ ማግስት ለተጎዳ፣ ስለ እንስሳት እየሰማ ላደገ ልጅ ትውውቅ አነሰው ማለት እኔም አልደፍርም።