በዓልና ባዳ

በዓል የዘመድ ነው የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። መስቀል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚጎርፈው ሕዝብ፣ የፋሲካ ሰሞን በየአውቶቡስ ተራው የሚጋፋው መንገደኛ፣ ለዓረፋ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚገሠግሠው ነጋዴ ሁሉ ይህንኑ እምነት በእግሩ የሚመሰክር ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ የቆየ ሰው በዚያች አንዲት ቀን ከእናቱ ጓዳ ካልተገኘ አንድ ነገር የጎደለበት ይመስለዋል፤ ቤተሰቡም ጎደለብን ይላል። ይሁን እንጂ መንገደኛ ሁሉ ከቤቱ አይደርስም። ሥራ የያዘው፣ አገሩ የራቀው፣ ገንዘብ ያጠረው ወይም ለሌላ ጉዳይ ወጥቶ በዓል የደረሰበት ሰው በወዳጁ ቤት ይውላል። ጥያቄው የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። በባዳ ቤት የዋለ ሰው በዓል አከበረ ወይስ የሌላውን በዓል ተመለከተ? ትቶት ለመጣው ቤተሰብስ፣ ላስተናገደው ቤትስ ምን ዕዳ አለበት?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው፣ በዓል የደም ጉዳይ ነውና በባዳ ቤት የዋለ ሰው ምንም ቢጋበዝ ስደተኛ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ወዳጅ እስካለ ድረስ አገር ሁሉ ቤት ነው፤ ዘመድና ባዳ ብሎ መለየቱ ያረጀ አስተሳሰብ ነው ሲል ይከራከራል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን ግማሹን ብቻ ያያሉ። የመጀመሪያው በዓልን እንደ ርስት አጥር ያበጅለታል። ሁለተኛው ማዕዱ እንዴት እንደ ተዘጋጀና ከማን ድርሻ እንደ ተቆረሰ ሳይጠይቅ ይቀመጣል። ስለዚህ ከመልሶቹ በፊት ማዕዱን ራሱን መመርመር ያሻል።

በክርስቲያኑ ቤት ዶሮ የሚበለተው በ12 ብልት ነው። ይህ የባለሙያ ሴት መለኪያ ብቻ አይደለም፤ የቤቱም ሥርዓት የሚታየው በዚሁ ነው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው። ሥጋ የሚበዛባቸው ለታላላቆች፣ ክንፍና አንገት የመሳሰሉት ብዙውን ጊዜ ለልጆች ይደርሳሉ። እንቁላሉም በሰው ቁጥር ይቀቀላል። ማን ምን እንደሚደርሰው ሳይነገር ይታወቃል፤ ልጅ ሲያድግ ብልቱ ይለወጣል፤ አንዱ ከቤት ሲርቅ ድርሻው ባለቤት ያጣል። እንግዳ ሲመጣ ግን ዶሮው 13ኛ ብልት አያበቅልም። ለእንግዳው የሚቀርበው፣ ያውም ተመርጦ የሚቀርበው፣ ከአንዱ ድርሻ ላይ የሚነሣ ነው። አባወራው ፈረሰኛውን ወደ እንግዳው ሲያስጠጋ፣ ልጁ 55 ቀን ጾሙ እስኪፈታ ሲጠብቀው የቆየውን በዝምታ ሲለቅ፣ እናት «እኔ በኋላ እቀምሳለሁ» ስትል፣ እንግዳው የሚጎርሰው የሌላ ሰው ድርሻ ነው። እንግዳ መቀበል ማለት ከተቆጠረ ነገር ላይ ቆርሶ መስጠት ነው። ክብሩም፣ የሚያስከትለው ግዴታም ከዚሁ ይመነጫል።

ባዳን ከማዕድ ማስቀመጥ የአንድ ደግ ሰው ቸርነት ብቻ ሳይሆን የቆየ የኑሮ ሕግ መሆኑን የሚያስረዱ ልማዶች ብዙ ናቸው። መንገደኛ መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ ማደሪያ ሲለምን «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። በዚህ አነጋገር ባለቤቱ እርሱም በቤቱ እንግዳ መሆኑን ያምናል። በሙስሊሙ ዘንድ የዓረፋ እርድ በሦስት እንዲከፈል ይመከራል፤ አንዱ እጅ ለቤተሰብ፣ ሁለተኛው ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለወዳጅ፣ ሦስተኛው ለድኾች ነው። ገና ቢላዋው ሳይሳል የባዳው ድርሻ ተለይቷል ማለት ነው። በወሎም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ክርስቲያኑ ሙስሊም ወዳጁን በበዓል ሲጠራ ለብቻው በግ አቅርቦ በሙስሊም ጎረቤት እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱንም ይለያል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን ወዳጁ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ልማድ ጥልቅ ትምህርት አለው። እንግዳው በዓሉን ለመካፈል ማንነቱን ከደጅ አራግፎ እንዲገባ አይጠየቅም። ባለቤቱ ልዩነቱን ያውቃል፤ አውቆም ቦታ ያበጅለታል። ወዳጅነት የሚለካው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት በመሆናቸው ሳይሆን፣ አንድ ዓይነት ባይሆኑም በአንድ ጣሪያ ሥር ለመዋል በሚከፍሉት ድካም ነው።

የበዓሉ ሰላምታም ቢሆን ልብ ብሎ ለመረመረው ከዚሁ ሐሳብ የራቀ አይደለም። «እንኳን አደረሰህ» ይባላል። መድረስ የመንገደኛ ግሥ ነው። በትውልድ ቤቱ በርጩማው ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ እንኳ በዚህ ቃል እንደ መንገደኛ ይቆጠራል፤ ከዓምና በዓል ተነሥቶ፣ በሽታውንና ችግሩን አልፎ፣ ከዘንድሮው የደረሰ ነውና። መልሱ ደግሞ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። አንዱ ላንተ ሲል ሌላው ለሁላችን ብሎ ይመልሳል። «አብሮ» የሚለው ቃል ዘር አይቆጥርም፤ የሚጠይቀው በዚያች ቀን በሕይወት መገናኘትን ነው። እንግዲህ ቋንቋው ራሱ በዓልን የአንድ ቤተሰብ ርስት አድርጎ የሚመለከተውን አስተሳሰብ ይቃወማል።

ይህ እውነት በሰፊው የተፈተነበት ጊዜ ነበር። የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲጀመር ገና ሊከበር 17 ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ እንዲሰማሩ ተደረገ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በየካቲት 25 ቀን ወጣ፤ ፋሲካም በሚያዝያ 26 ቀን ዋለ። ዘመቻው በየቦታው ግጭትና ቅሬታ ማስከተሉ የታወቀ ነው፤ ስለ ውጤቱም ዛሬ ድረስ ክርክር አለ። ከክርክሩ ባሻገር ግን አንድ ሐቅ አለ። ገበሬውን ሊያስተምር የሄደው የከተማ ወጣት በበዓል ቀን ከገበሬው ማዕድ ሲቀርብ አስተማሪነቱ ለጊዜው ቀርቶ ተቀባይ ሆነ። ሚያዝያ የጎተራው እህል እየጎደለ የሚሄድበት ወር ነው። ከዚያ ከጎደለው ጎተራ የተጋገረውን እንጀራ የቆረሰ ሰው፣ ልብ ካለው፣ ስለ ገበሬው ኑሮ ከመጽሐፍ ያላገኘውን ተምሯል። በባዳ ቤት የሚዋል በዓል የሚሰጠው ትልቁ ዕውቀት ይህ ነው፤ ሰው ሰጪ ሆኖ ብቻ የማያውቀውን ሕዝብ፣ ተቀባይ በሆነበት ቀን ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ማዕዱን ማሞገስ ብቻውን አይበቃም። ማዕዱ ከጓዳ ይመጣል፤ ጓዳው ደግሞ የሴቶች ነው። ሽንኩርቱ ሲከተፍና ሲቁላላ፣ ጠላው ሲጠመቅ፣ ቅቤው ሲነጠር፣ ድፎው ሲደፋ ሌሊቱ ይነጋል። በጉራጌ አገር ለመስቀል የሚቀርበው ክትፎ በአንድ ቀን የሚዘጋጅ አይደለም፤ ሴቶች እየተሰባሰቡ ቅቤያቸውን በዕቁብ የሚያጠራቅሙት አስቀድመው ነው። «ግባ፣ ቤትህ ነው» የሚለው ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነው፤ ቃሉን በሥራ የምትፈጽመው ግን ሚስቱ፣ እህቱ ወይም በደመወዝ የምታገለግለው ልጅ ናት። ይህችም ልጅ ከቤተሰቧ ርቃ በሰው ቤት በዓል የምትውል መሆኗ አይዘነጋም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ባዶች አሉ፤ አንዱ ፈረሰኛ ይጎርሳል፣ ሌላዋ ድስት ታጥባለች። የመጀመሪያው «የበዓል እንግዳ» ሲባል ሁለተኛዋ ስም የላትም። ባዳን ማክበር በዓልን የሰው ልጅ ሁሉ ያደርገዋል የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ለእርስዋም ከማዕዱ ቦታ፣ ከቀኑም ዕረፍት ሲገኝላት ነው። አለበለዚያ እንግዳ ተቀባይነት የተባለው ነገር በሰው ድካም የሚገዛ ዝና ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ዕዳ በቤት ለቀረው ቤተሰብ ነው። እዚህ ላይ ሊመጣ ያልቻለውንና ሊመጣ ያልፈለገውን ለይቶ ማየት ተገቢ ነው። በዓል በትውልድ ቤት ድግስ ብቻ አይደለም፤ ሥራም ነው። በግ ይታረዳል፤ አዛውንት ይጠየቃሉ፤ የተጣላ ይታረቃል፤ በዓመቱ ሐዘን የደረሰበት ይጎበኛል። በወዳጅ ቤት ግን ውኃ በእጅ ላይ ይፈስሳል፤ ወግ ይሰማል፤ ተመርቆ ይወጣል። እንግድነት ከዚህ ሸክም ማምለጫ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ሰው በወዳጁ ማዕድ ሲሥቅ ቢውል፣ የበዓሉን ጣፋጭ ይዞ መራራውን ለሌሎች ትቷል። ዛሬ በተንቀሳቃሽ ስልክ ድምፅ ይሰማል፣ መልክ ይታያል፣ ገንዘብም በደቂቃ ይደርሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት በዓሉ የሥራ ቀን ቢሆንባትም በዚሁ ከእናቷ ጋር ትገናኛለች። ዳሩ ግን መምጣት የሚችለው ሰው ስልኩን የመቅረት ካሣ ሲያደርገው፣ እናት ቋንጣውን ዘልዝላ የቀረውን ልጅ ድርሻ የምታቆይለት በከንቱ ይሆናል። እርስዋ የምትጠብቀው ምልክት ሳይሆን ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ ግልጽ ነው። በወዳጅ ቤት የሚዋል በዓል እውነተኛ በዓል ነው፤ ነገር ግን በብድር የተገኘ በዓል ነው። ብድሩ የሚመለሰው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ እንግዳው ከተቀመጠበት ተነሥቶ የቤቱን ድካም ሲካፈል፣ ለጓዳዋም ሰው ስሟን ጠርቶ እንኳን አደረሰሽ ሲል። ሁለተኛ፣ ከበዓሉ በኋላም ቢሆን ወደ ተወው ቤት ሄዶ የቀረበትን ሥራ ሲሠራ። ሦስተኛ፣ እርሱ በተራው በቤቱ በሚያከብርበት ዓመት መሄጃ ያጣውን ሰው ፈልጎ ሲጠራ። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ የወዳጅን ውለታ ለወዳጅ ብቻ መመለስ ንግድን ይመስላልና። ለማያውቁት መመለስ ግን ልማዱን ለትውልድ ያስተላልፋል።

ኪነ ጥበብም በዚህ ረገድ ድርሻ አላት። በበዓል ሰሞን በሚቀርቡ ዘፈኖችና ድራማዎች ዘወትር የሚታየው ወደ ቤቱ የተመለሰው ልጅና የተሰበሰበው ቤተሰብ ነው። በርቀት ጣቢያ የተመደበው መምህር፣ በጥበቃ ላይ የሚያድረው ወታደር፣ በተረኝነት የምትውለው ነርስ፣ ከጓዳ የማትወጣው ሠራተኛ ግን በሥዕሉም በትርኢቱም እምብዛም አይታዩም። ደራሲውና ሠዓሊው ዓይናቸውን ወደነዚህ ቢመልሱ፣ የአንድ ኅብረተሰብ ማዕድ ስፋቱ የሚለካው በተሰበሰቡት ዘመዶች ብዛት ሳይሆን ለባዳው በተለቀቀው ቦታ መሆኑን ለማሳየት በቂ ርእስ ያገኛሉ።